ስሜ የነበረበት ገጽ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሐያት የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ነቀምት ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ቆርቆሮው እየተንጫጫ አላስወራ ስላለን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር የምታወራኝ። መምህራቸው ከነቀምት ወደ አንድ ቦታ የሚወስደውን መንገድ ጽፋችሁ አምጡ፣ መረጃውን ከየት እንዳገኛችሁም ጥቀሱ ብሏቸዋል። እሷ የመረጠችው አያቷ የተቀበረበትን አንገር ጉቲንን ነው። ስልኬን ተቀብላ ትንሽ ፈለገችና ሳቋን ለቀቀችው።

«አባዬ፣ ስማ እስቲ ይሄን! ‹ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከነቀምት ወደ አንገር ጉቲን የምትሄዱ ወገኖች…› ኢንተርኔት ላይ እንደ ደብዳቤ ሰላምታ የሚሰጥ አይተህ ታውቃለህ? የምን ገበሬ ነው የጻፈው?»

«ማን ጻፈው ይላል?» አልኳት።

«ከማል መሐመድኑር።»

ሰላምታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገበሬውም እኔ ነኝ። ከማል የጻፈው የገዛ ስሙን ብቻ ነው፤ እሱንም በእጁ አልጻፈውም፣ ማሽኑ ነው የጻፈለት።

እኔና ከማል የአንድ መኪና ልጆች ነን። ደርግ ወላጆቻችንን ከወሎ አንስቶ አንገር ጉቲን ሲያሰፍር፣ አባቴ ሐሰንና የከማል አባት በአንድ የጭነት መኪና ጎን ለጎን ተጭነው ነው የመጡት። እኛ በእናቶቻችን ጉያ ነበርን። አንገር ጉቲን ቆላ ነው፤ ማንጎውና ሰሊጡ እንደሚወደው ሁሉ ወባም ይወደዋል። ወባው አባቴን በየክረምቱ ይጥለው ስለነበር እርሻው ላይ ሰው ጠፋ። የከማል አባት ጤነኛ ነበር። ስለዚህ ከማል ተማሪ ሆነ፣ እኔ ደግሞ በሬ ጠማጅ ሆንኩ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። አባቴ ግን ራሱን ሲወቅስ ኖረ። ከማል በዩኒፎርም በደጃችን ባለፈ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር።

ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነቀምት መጣሁና መናኸሪያ ገባሁ። «ጊምቢ! ነጆ! ደምቢ ዶሎ!» እያልኩ ተሳፋሪ መጥራት ሥራዬ ሆነ። ታፔላ ማንበብ ስለማልችል መኪናውን የምለየው በቀለሙና በሾፌሩ ፊት ነበር። አንድ ቀን ሾፌር ተቀይሮ ኖሮ፣ ልጃቸው የታመመባቸውን አንዲት እናት ባኮ ይወርዳሉ ብዬ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው የጊምቢ መኪና ላይ ጫንኳቸው። በነጋታው ተመልሰው መጡ። አልተሳደቡም። «ልጄ፣ ማንበብ አትችልም እንዴ?» ብለው ብቻ አዩኝ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ፊደል ያስቆጠሩኝ አዴ ጫልቱ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ትልልቅ ሰዎችን ያስተምሩ ነበር። ሙስሊም መሆኔን ስነግራቸው «ፊደሉ አልጠየቀህም፣ እኔ ለምን እጠይቅሃለሁ?» አሉኝ። የመጨረሻው ፈተናቸው ለቤተሰብ ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ በሰላምታ የሚጀምር፣ ጤና የሚጠይቅ፣ ከዚያ ጉዳዩን የሚናገር። እኔ በዚህ ዓለም ላይ ሲጻፍ የማውቀው ነገር ያ ብቻ ነበር። ደብዳቤ።

ከማል በዚያው ጊዜ ኮሌጅ ጨርሶ መናኸሪያው ፊት ለፊት የኮምፒዩተር ቤት ከፈተ። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ሕልሙ ግን ሌላ ነበር፤ የወለጋን ከተሞች መንገድ፣ ማረፊያና ገበያ የሚያሳይ ድረ ገጽ ሠርቶ ነበር። ችግሩ፣ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው አለመኖሩ ነው። ከሥራ ስወጣ እሱ ቤት ጎራ እል ነበርና አንድ ቀን ራሱን ይዞ ደረስኩበት።

«ምን ሆንክ?»

«ይመሮ፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ስለ ወለጋ ሲፈልግ የእኔ ገጽ አይመጣም። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋሁት!»

«እስቲ ምን ብለህ እንደጻፍክ አንብብልኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «‹የምዕራብ ኦሮሚያ ከተሞች የየብስ ትራንስፖርት አገልግሎት አጠቃላይ ገጽታ›።»

«መናኸሪያ ላይ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ይሉሃል?»

«‹የጊምቢ መኪና ወጣ ወይ?› ነው የሚሉኝ። በኦሮምኛም ‹ኮንኮላታን ጊምቢ በኤራ?› ነው የሚሉኝ። ማን ነው አጠቃላይ ገጽታ ላይ የሚሳፈረው?»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በሕይወቴ የተማረ ሰው እንደዚያ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ መናኸሪያ ደብተር ይዤ መግባት ጀመርኩ። ሰው የጠየቀኝን ሁሉ እንደጠየቀኝ እጽፋለሁ። ነጆ ስንት ሰዓት ይገባል፣ ደምቢ ዶሎ ላይ ከልጅ ጋር ለማደር የት ይሻላል፣ ሻምቡ ብርድ ነው ወይ፣ ዶሮ ይዞ ያሳፍራሉ ወይ። እጄ ገና ስላልተፍታታ አንዱን ጥያቄ ጽፌ ሳልጨርስ ሦስት ሰው ያልፈኛል። በር ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ደራርቱ «ኦቦ ይመር፣ ደህንነት ሆንክ እንዴ? አደራህን፣ በቆሎው ጥሬ ነው ብለው የሰደቡኝንም መዝግብልኝ» እያለች ታስቀኝ ነበር። ክረምት ነበር። ከገጾቹ ገሚሱ በዝናብ፣ ገሚሱ በበቆሎ ጥላሸት የተበላሸው ያ ደብተር እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

ድረ ገጹ የተሠራበት ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ገጽ ባዶ ሳጥኖች ነበሩት። አንዱ የርዕሱ ነው። አንዱ የገጹ አድራሻ ነው፤ ከማል ቁጥር ብቻ ትቶት ነበር፣ እኛ የቦታውን ስም አደረግንበት። ሌላው አጭር መግለጫ ይባላል፤ ሰው ሲፈልግ ከርዕሱ ሥር የሚያያት ሁለት መስመር ናት። ርዕሱን ከደብተሬ ጥያቄውን እንዳለ ወሰድን። መግለጫውንና የገጹን ጽሑፍ ደግሞ እኔ እንድጽፋቸው ተወልኝ። ሃያ ስድስት ገጽ ስጽፍ ከረምኩ፤ አንዷን ፊደል ስፈልግ እየዋልኩ፣ በአንድ ጣት።

ሳምንታት አልፈው ከማል ፈልጎ ሲያይ ገጾቹ መምጣት ጀምረዋል። ችግሩ ሁሉም «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን» ብለው ያልቃሉ። ሁለቱ መስመር በሰላምታ ሞልቶ ጉዳዩ ላይ ሳይደርስ ይቆረጣል። ከማል ወንበሩ ላይ እየተንከባለለ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ! የቸኮለ መንገደኛ እኮ ነው! ጤናው ይጠየቃል?»

«ሰላም ሳትለው ነው መንገድ የምታሳየው?» አልኩት። ከልቤ ነበር።

በኋላ ገባኝና ሰላምታውን ከሁሉም ላይ አነሳሁ። አንዷን ገጽ ግን እንዳለች ተውልኝ አልኩት፤ የአንገር ጉቲኗን። ያንን መንገድ የሚሄደው የእኔ ሰው ነው። አባቴ እዚያ ነው። «እሺ፣ እሷን ማን ያያታል፣ ትቅር» አለኝ።

የመጨረሻው ሳጥን የጸሐፊው ነበር። ከማል አካውንት የሚሉትን መግቢያ በስሜ ከፈተልኝና በሃያ ስድስቱም ገጽ ላይ «ጸሐፊ፦ ይመር ሐሰን» የሚል ወጣ። እስከዚያ ቀን ስሜ የተጻፈው በቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱንም የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ከኮምፒዩተሩ ፊት አልነሳም ብዬ ከማል በሩን ሊዘጋብኝ ደርሶ ነበር።

መስቀል ሲደርስ፣ አንጮቴ የሚባለው የወለጋ ሥራ ሥር በየቤቱ በሚቀቀልበት ሰሞን፣ አንድ ጥቁር የለበሰ ሰው ከአዲስ አበባ መኪና ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ጊምቢ ለቅሶ ሊደርስ ነው። ቦታውን ልነግረው አፌን ስከፍት «አውቃለሁ ወንድሜ» አለኝና ከስልኩ አነበበልኝ፤ «‹የጊምቢ መኪና የሚቆመው ከበሩ በስተ ግራ፣ በቆሎ የሚጠበስበት ጋ ነው። ከሞላ አይጠብቅምና ቁርሳችሁን ይዛችሁ ግቡ›።» የእኔ አረፍተ ነገር ነው። አዲስ አበባ ደርሳ ሰው ይዛልኝ መጣች። ደራርቱ ሰምታ ኖሮ «እኔም ገባሁበት? እሰይ!» አለች። እኔ ዘወር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ለአባቴ በሾፌር ላክሁበት። ስሜ ዓለም በሚያየው ቦታ ተጽፏል በሉት አልኩ። መልሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። «ሳልሞት ላየው እመጣለሁ» ብሏል።

የመጣው ግንቦት ላይ ነው፤ አንድ ጆንያ ማንጎና የታመመ ኩላሊቱን ይዞ። እኔ ያኔ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የካርድ ክፍሏ ልጅ የታካሚዎችን ካርድ ስታገላብጥ አባቴ በመስኮቱ ጣቱን አስገብቶ «ያ ነው የኔ» አላት። እውነትም የሱ ነበር። እኔ ቀለሙን ያየ መስሎኝ አለፍኩት። መኪና በቀለም ስለይ የኖርኩ ሰው ምን ሌላ ላስብ?

ከዚያ ሲወጣ እንዲያርፍ ብለምነው እምቢ አለ። «መጀመሪያ ያን ነገር አሳየኝ» አለኝ። ቁልቁል እየተደገፈኝ በዝግታ ሄድን። በየመንገዱ ይቆማል፤ ኩላሊቱ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ሊናገር ነው። «ይመር፣ ያን ጊዜ እርሻ ላይ ያስቀረሁህ…» ይልና ይተወዋል። እንደገና ይሄዳል። እንደገና ይቆማል። «ዛሬ ስምህን ካየሁ ግን ይበቃኛል» አለ በመጨረሻ።

ከማል አባቴን ሲያይ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። ትከሻውን ሳመው፣ የገዛ ወንበሩን ሰጠው። አባቴም «የመሐመድኑር ልጅ፣ እንዴት ሸጋ ሆነሃል!» እያለ ፊቱን ዳሰሰው። ከማል ቀላ፤ ደስታ ነው ብዬ ነበር። እኔ ኮምፒዩተሩን ይዤ የአንገር ጉቲንን ገጽ ከፈትኩ።

«ጸሐፊ፦ ከማል መሐመድኑር» ይላል።

ሌላ ከፈትኩ። ጊምቢ። ከማል መሐመድኑር። ነጆ። ከማል መሐመድኑር። ማንበቤን ተጠራጠርኩ፤ ትልቅ ሆኖ ፊደል የቆጠረ ሰው መጀመሪያ የሚጠራጠረው ራሱን ነው። ዞር ብዬ ከማልን አየሁት። ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

«የታለ?» አለ አባቴ። ጣቱን ዘርግቷል። ያ ጣት ወባ ሲያንቀጠቅጠው፣ እርፍ ሲይዝ፣ ደህንነቴን ሲለምንልኝ የማውቀው ጣት ነው።

ጣቱን ያዝኩና ወደ ኮምፒዩተሩ መስታወት ወሰድኩት። የከማል ስም ላይ አሳረፍኩት። «ይኸው አባ» አልኩት። «‹ይመር ሐሰን› ይላል።»

አባቴ ጣቱን አላነሳም። ከስሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በቀስታ ወሰደው፤ መጨረሻው ላይ ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ ከማልን ጠየቀው፤ እሱ ነዋ የተማረው። «እውነት ነው፣ ልጄ? እንደሱ ይላል?»

«አዎ፣ አባባ» አለ ከማል። «እንደሱ ይላል።»

«አላህ ይጨምርላችሁ» አለ አባቴ። «ለሁለታችሁም።»

አባቴን ሻይ ቤት አስቀምጬ ተመለስኩ። ከማል አልሸሸም፤ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር።

«አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሊቀጥረኝ ነው፣ ይመሮ። የሠራኸውን አሳየን አሉኝ። ጸሐፊው ማነው ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ተሳፋሪ የሚጠራ ልጅ ነው ልበል?»

«አዎ። ነኝ እኮ።»

«እንደሱ አይሠራም። መግቢያህን ሰረዝኩት፤ በቃ። ስሰርዘው ማሽኑ ራሱ ጠየቀኝ። ይህ ሰው የጻፈውን አብሬ ላጥፋው ወይስ ለሌላ ሰው ላዙረው አለኝ። ላጥፋው ነበር የምትለኝ? አተረፍኩልህ እኮ!»

ልብ በሉ። ነፍስ የሌለው ማሽን «የዚህን ሰው ነገር ምን ላድርገው?» ብሎ ጠይቋል። አብሮኝ በአንድ መኪና የመጣው ሰው ግን መንገድ ተሻግሮ እኔን አልጠየቀኝም።

ልመታው እጄን አንስቼ ነበር። አወረድኩት። ከመታሁት ሰው ይሰበሰባል፣ ምን ሆናችሁ ይባላል፣ አባቴ ሻይ ቤት ሆኖ ይሰማል። እኔ ራሴ ያነበብኩለት ውሸት ዝም አሰኘኝ። ከማልም ያንን አውቋል። «አዎ አባባ» ሲል ለእኔ አዝኖ ይሁን አፌን ሊለጉመው፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። በሁለቱም ግን ተጠቅሞበታል። በሐምሌ አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሰው ሆነ ይሉኛል። ድረ ገጹን አልዘጋውም። ማስረጃው ነዋ።

አባቴን የሸኘሁት በማግሥቱ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በሚወጣው መኪና። በመስኮት በኩል ማንጎ መያዣ የነበረውን ባዶ ጆንያ አቀበልኩት። ሞተሩ ተነስቷል። ጎንበስ አለና በኪሱ በላስቲክ ጠቅልሎ የሚይዛትን፣ በሰፈራው ጊዜ ስንዴ የሚቀበልባትን አሮጌ ካርድ አወጣ። ስሙ ላይ ጣቱን አደረገ።

«ይመር፣ ‹ሐሰን› ሦስት ፊደል ነው አይደል?»

«አዎ፣ አባ። ሦስት ነው።»

«ጥሩ» አለኝ። ካርዷን መልሶ ጠቀለላት። «አብሽር፣ ልጄ።»

መኪናው ሄደ። እኔ ደግሞ ወደ ሥራዬ ተመልሼ ጊምቢ፣ ነጆ ማለት ጀመርኩ። ምን እንዳለኝ የገባኝ ዘግይቶ፣ ደራርቱ ጋ በቆሎ ስበላ ነው። ያንን ካርድ በኪሱ ይዞ ስንት ዓመት አይቶታል! ማንበብ አይችልም፤ የገዛ ስሙን መልክ ግን ያውቀዋል። ያ ጣት በከማል ስም መጨረሻ ላይ የቆመው ሐሰንን ሲፈልግ ነበር። አጥቶታል። አጥቶት ነው መልሶ ከማልን የጠየቀው፤ የመሐመድኑር ልጅ እውነቱን እንዲነግረው ዕድል ሰጠው። ሁለታችንም ዋሸነው፣ እሱ ሁለታችንንም መረቀን። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ስለዚያ ነገር ዳግም አላነሳንም።

ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። ስጨርስ ዝናቡ ቀንሷል። ሳቋም ጠፍቷል።

«ታዲያ ምንጭ የሚለው ላይ ማንን ልጻፍ?»

«እንዳለው ጻፊ። መምህርሽ የሚያየው ስልኩ ላይ ያለውን ነው።»

«አንተ እኮ ነህ…»

«ጻፊ አልኩሽ!»

ጻፈች። አጎንብሳ የእኔን ገጽ ቃል በቃል ገለበጠች፤ ኡኬ ከተማን ካለፋችሁ ሙቀቱ ስለሚቀበላችሁ ጋቢያችሁን አውልቁ የሚለውን፣ ወንዙ ሲሞላ ሾፌሩን አታስቸኩሉ የሚለውን። ሰላምታውን ሳይቀር። መኪናው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይወጣል የሚለውንም ጻፈች፤ በዚያ መንገድ በሰላም መሄድ ከቀረ ዓመታት ማለፋቸውን፣ የአባቴን መቃብር ካየሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ የሚናገር አረፍተ ነገር ገጹ ላይ የለም። የሚያስተካክለው ሰው የለውም። እኔ መግቢያ የለኝ፣ ከማል የመንገዱን የዛሬ ሁኔታ አያውቀው።

ስትጨርስ እይልኝ ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ከታች ከማል መሐመድኑር አለ። ከላይ፣ እንደ ተማሪ ሁሉ፣ ሙሉ ስሟን ጽፋለች፦ ሐያት ይመር ሐሰን። ጣቴን ከሐያት ጀምሬ እስከ መጨረሻው ወሰድኩት። ሦስት ፊደል። አለ።

ለከማል ግን ይቅር አላልኩም፤ አልልምም።